ቀጭኑና ወፍራሙ መርፌ

አናጢው በዕድሜው ብዙ ሳጥን ሠርቷል። የልብስ ሳጥን ሠርቷል፤ የመሣሪያ ሳጥን ሠርቷል፤ ስሙን ቤት ውስጥ የማይጠሩትን ሳጥንም አንድ ሁለቴ ሠርቷል። በአውሮፕላን ለሚሳፈር ውሻ ሲሠራ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ጣውላውን እንደ ጀማሪ ደጋግሞ እየለካ፣ እንደ አንጋፋ ባለሙያ ደግሞ እያፏጨ ይቆርጣል። ባለቤቱ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆማ መመሪያውን ከስልኳ ታነብለታለች።

«ውሻው ሲቆም ጆሮው ጣሪያውን መንካት የለበትም።»

«አይነካም።»

«መዞር መቻል አለበት።»

«ይዞራል።»

«እግሩን ዘርግቶ መተኛት አለበት። አየር ማስገቢያ በአራቱም ጎን። ከውጭ የሚሞላ የውሃ ሳህን።»

አናጢው መጋዙን አስቀምጦ ላቡን ጠረገ። «ይኼማ ተጋብተን ከገባንባት ክፍል ይሻላል» አለ።

«ይሻላል እንጂ። እዚያማ ጆሮህ ጣሪያ ይነካ ነበር።»

ባለቤቱ ነርስ ናት። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሆስፒታል ቀጥሯት፣ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ተቆርጦ፣ ቤቱ ሁሉ ወደዚያ ቀን እየተንከባለለ ነው። የቅጥሩ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ሳሎን ውስጥ እየዘለለች ጨፈረች፤ ጭፈራው ሲበርድላት ግን የባሏን እጅ ያዘችና አንድ ነገር አስማለችው። «ሥራውን እችለዋለሁ፤ ቋንቋውንም እለምደዋለሁ። ከዚያ አውሮፕላን ብቻዬን ግን አታስወርደኝ» አለችው። ቀን ከሌት ታማሚ የምታባብል ሴት እንዲህ ስትፈራ አይቶ አያውቅም። «እንደ ጥላሽ ነው የምከተልሽ» ብሎ ማለላት።

አማቱም፣ የሚስቱ እናት፣ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። የሳቸውም ቪዛ ወጥቷል፤ ነገር ግን ልጆቻቸው እዚያ ደርሰው ቤት ካሟሉ በኋላ፣ ከጥቂት ወራት ቀጥለው እንዲመጡ ነው የታሰበው። ስለ ጉዞው በተነሳ ቁጥር አንድ ምክንያት አያጡም። አንዴ ጉልበታቸው ነው፣ አንዴ የዚያ አገር ብርድ ነው፣ አንዴ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነው። «እናንተ ሂዱ እንጂ፣ እኔ የት እጠፋለሁ» ይላሉ፤ ነገሩንም እዚያው ላይ ይቋጩታል።

የቀሩት የቤቱ ነዋሪዎች ዳኛውና ሙሽራ የሚባሉት ሁለት ውሾች ናቸው። ወንድምና እህት ናቸው፤ እናታቸው ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ በአናጢው የእንጨት ብናኝ ክምር ላይ ወልዳቸው ነበር። ዳኛው ይህን ስም ያገኘው ባልና ሚስቱ ሲከራከሩ መሐል ገብቶ ተቀምጦ፣ ዐይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ስለሚያዳምጥ ነው። ፍርድ ግን ሰጥቶ አያውቅም። ሙሽራ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንገቷን ደፍታ በዐይኗ ሥር ስለምታይ ነው። ከተወለዱ ጀምሮ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ነው የሚተኙት። አንዱን ለብቻው ውጭ ያወጡት እንደሆን፣ ሁለተኛው በሩን ሲቧጭር ይውላል።

የወረቀቱ ነገር የተጀመረው ከሳጥኑ በፊት ነው። አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ ተረኛ ስለነበረች አናጢው ሁለቱን ውሾች ይዞ ወደ ሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም ሄደ። ዶክተሩ የሰፈሩን ድመትና ውሻ ሁሉ በስም የሚያውቅ ቸር ሰው ነው፤ ውሻ ወደ ውጭ አገር ልኮ ግን አያውቅም። ለእያንዳንዱ ውሻ ሁለት መርፌ ያስፈልጋል። አንደኛው ወፍራም ነው፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ የውሻው መለያ ቁጥር ያለባትን ቺፕ ከአንገት ቆዳ ሥር ይከታል። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ነው።

ዳኛው ቀድሞ ገባ። ወፍራሙን ሲወጋ የጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ጩኸት! ወረፋ ትጠብቅ የነበረች ድመት ከባለቤቷ እቅፍ ዘላ መደርደሪያው ላይ ወጣች። ቀጭኑን ግን ልብም አላለውም።

ሙሽራ የወንድሟን ጩኸት እንደሰማች ጠረጴዛ ሥር ገብታ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አናጢው ጎንበስ ብሎ ሊያወጣት ሲል ቀና ብላ አየችው። አስተያየቷ የሰው ነበር።

«ዶክተር» አለ፣ እንዳጎነበሰ፣ «ይቺን ዛሬ ቀጭኑን ብቻ ውጋልኝ። ለወፍራሙ የዛሬ ሳምንት አመጣታለሁ።»

«እውነትህን ነው፤ ምን አስቸኮለን? ሁለቱንም በአንድ ቀን ግፍ ነው» አለ ዶክተሩ።

ሁለቱም በርኅራኄያቸው ደስ ብሏቸው ተጨባበጡ። ሙሽራ ቀጭኑን ተወጋች፤ በሳምንቱ ተመልሳ ወፍራሙን ተወጋች። ዶክተሩም ሁለቱን ቀኖች በሚያምር የእጅ ጽሑፉ በክትባት ካርዷ ላይ አሰፈራቸው። አናጢው ስለዚህ ነገር ለማንም ማውራት ትዝ አላለውም። ምን ይወራል? ሁለት መርፌ ተባለ፣ ሁለት መርፌ ተወጋች።

ለጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀር ባልና ሚስቱ ውሾቹን ይዘው የመጨረሻውን የጤና ምስክር ወረቀት ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ማንበቢያ መሣሪያዋን በዳኛው አንገት ላይ አሳለፈች፤ ጢጥ አለ። ቁጥሩን ከካርዱ ጋር አስተያየችና ማኅተሟን መታች። ወደ ሙሽራ ዞረች፤ አሁንም ጢጥ አለ። ካርዷን ከፈተች። ከዚያ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዐይኗ አወረደች።

«ቺፑ የገባው ከክትባቱ በኋላ ነው» አለች።

«አዎ፣ በሳምንቱ» አለ አናጢው በኩራት። «እንዳይበዛባት ብዬ ነው።»

«ታዲያ ያኔ የተከተበችው ይቺው ውሻ መሆኗን በምን እናውቃለን?»

«እኔው እኮ ነኝ የያዝኳት!»

«እርስዎንማ አምናለሁ» አለች ሴትዮዋ፣ በእውነትም እያዘነች። «ተቀባዩ አገር ግን የሚያምነው ቺፑን ነው። ቺፕ ከመግባቱ በፊት የተሰጠ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። እንደገና ትከተብና ሦስት ሳምንት ይጠበቃል።»

ጉዞው በአንድ ሳምንት ነው። ሒሳቡን ለመሥራት አናጢ መሆን አያስፈልግም።

«እኛ ቀድመን ሄደን እሷን ሰው ቢልክልንስ?» አለች ባለቤቱ።

«በካርዱ ላይ ባለቤት ተብለው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ከባለቤቱ ዘግይቶ የሚገባ ውሻ እንደ ንግድ ዕቃ ነው የሚታየው፤ የሱ ፈቃድ ደግሞ ወራት ይፈጃል። አብረዋት ቢጓዙ ነው የሚሻለው።»

ነርሷ ወደ ባሏ ዞረች። አናጢው ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ ጥሩ ጣሪያ ነበር፣ መገጣጠሚያው ብቻ ትንሽ ተከፍቷል።

«ለምን?» አለችው።

«አንጀቴን በላችው።»

ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ከተቀመጡ በኋላ ነው ትከሻዋ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ታለቅሳለች ብሎ ሲደነግጥ ለካ እየሳቀች ነው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ስወጋ እውላለሁ» አለች፣ ዐይኗን እየጠረገች። «ቤቴ ስገባ ደግሞ የውሻ መርፌ ከሚፈራ ወንድ ጋር እኖራለሁ። ምን ዓይነት ዕጣ ነው!» ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ወይ ሙሽራ ትቀራለች፣ ወይ ነርሷ ብቻዋን ትሄዳለች።

ቤት ሲደርሱ አማቱ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ወሬውን እስከ ጫፉ ሰሙ።

«እንግዲህ ውሻ እንደ ሰው ወረቀት ካወጣ እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ። «እኔ ቪዛዬ ሲወጣ ማንም አንገቴን አልፈተሸኝም።»

«እማማ፣ አሁን ቀልድ አይደለም» አለ አናጢው።

«ማን ቀለደ? የሰፈራችንን ሥጋ ሻጭ ጠይቀው። ሙሽራን ሁለት ጊዜ ስጡኝ ብሏል። ደህና ሰው ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ አጥንት እንደሁ እንደ ልብ ነው።»

እውነት ነበር፤ ያስቸገረውም እውነት መሆኑ ነው። አናጢው ነገር ማመዛዘን የሚወድ ሰው ነውና ሌሊቱን አስቦበት በማግሥቱ ሙሽራን ይዞ ሥጋ ሻጩ ዘንድ ሄደ። ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ለሙሽራ የሚሆን ጥላ ያለበት ጥግ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ከግንድ የሚበልጥ አጥንት አሳያቸው። ስለ ሙሽራ አመጋገብ እየጠየቀ በጥንቃቄ ሰማ። አንዲት እንከን ቢያገኝበት አናጢው እንዴት በተደሰተ! እንከን ግን አልተገኘም። ሙሽራ እንኳ አንገቷን ሳትደፋ አጥንቱን ላሰች።

«ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?» አለ ሥጋ ሻጩ፣ የአናጢው እጅ ገመዱን አልለቅ ሲል አይቶ።

«አምንሃለሁ። ችግሩ እሱ ነው» አለ አናጢው፤ አመስግኖም ውሻዋን ይዞ ተመለሰ።

ሰፈሩ ጥግ ሲደርሱ የዳኛው ጩኸት ተሰማው። ባለቤቱ በሩን ከፍታ ስታየው፣ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ቀጥሎም የገመዱን ጫፍ አየች።

«አልሰጠሃትም።»

«እጄ እንቢ አለኝ።»

«በቃ፣ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች። ገመዱን ከእጁ ተቀበለችው። «ትልቅ ሰው ነኝ። የሦስት አራት ሳምንት ነገር ነው።»

«ምያለሁ እኮ።»

«ብትምልስ? ውሻዋን ጥለህ ብትመጣ እዚያ ስትቆዝም ላይህ ነው?»

ዳኛው መሐላቸው ገብቶ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ቀርቦ፣ ዳቦ ተቆርጦ ሳለ፣ አማቱ ከክፍላቸው የወጡት ፓስፖርታቸውን በእጃቸው ይዘው ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ስኳሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«የኔ ወረቀት አልቋል አይደል?» አሉ።

«አልቋል፣ እማዬ» አለች ልጃቸው።

«እንግዲያው የኔን ትኬት ካንቺ ጋር ቁረጡ፤ የሱን ወደ ኋላ አድርጉት። እኔ ከልጄ ጋር እሄዳለሁ፤ እሱ ከልጆቹ ጋር ይምጣ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ አውሮፕላኑን አይገፋ!»

«ብርዱስ?»

«ብርዱን አሁን ማን አነሳው?»

«የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮስ፣ እማማ?» አለ አናጢው።

አሮጊቷ ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው እስኪለሰልስ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ማንም ሳያዩ፣ «እናንተ እኮ ብቻዬን ልታስመጡኝ ነው ያሰባችሁት» አሉ። «በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው ይመደብልሻል አላችሁኝ። ማን እንደሆነ የማላውቀው፣ ብናገር የማይሰማኝ ሰው እየገፋ የት እንደሚያደርሰኝ በምን አውቃለሁ? ፈራሁ። ደግሞስ እናት ፈራሁ ትላለች?»

ነርሷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እማዬ… እኔም እኮ ያንኑ ነው የፈራሁት።»

«ከማን ወረስሽው ታዲያ?» አሉ እናቷ፣ ዳቦአቸውን እየጎረሱ።

አናጢው ሻዩን አማሰለ። ውሻ በጉዞ ላይ እንዳይጨነቅ ምን እንደሚደረግ ስንት ገጽ አንብበዋል፤ ለሳጥኑ ልምምድ፣ ለሽታው፣ ለድምፁ ሁሉ ተጨንቀዋል። አማቱን ግን ፈርተው እንደሆን ከቤቱ ሰው አንድም የጠየቀ አልነበረም። አፍሮ ተነሳና ሌላ ዳቦ ቆረጠላቸው። «ወፍራም አድርገው» አሉት፤ አደረገው።

እናትና ልጅ በተቆረጠው ቀን ሄዱ። በመነሻው በር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገቡ፣ የትኛዋ የትኛዋን እንደያዘች ከኋላ ሆኖ መለየት አይቻልም ነበር።

አናጢው ከሁለት ውሾች፣ ከአንድ ፍራሽና ከሁለት ሳጥን ጋር ባዶ ቤት ውስጥ ቀረ። ዶክተሩ ሙሽራን ዳግም ሲከትባት «ዛሬ ምሕረት የሚባል ነገር የለም፤ ምሕረታችን ይኸው አንድ ወር በላብህ» አለው፤ ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ከዚያ ቀኖቹ እንደ ጥሩ መላጊያ ሸርተት እያሉ አለፉ። ጠዋት ውሾቹን ያንሸራሽራል፤ ከሰዓት የጀመራቸውን የደንበኞች ሥራ ይጨርሳል፤ ማታ ሦስቱም ወለሉ ላይ አብረው ይበላሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልሆን አለው። ዳኛው ሳጥኑን ባየው ቀን ገብቶ አንኮራፍቷል። ሙሽራ ግን ወይ ፍንክች! ምግቧን ውስጥ ሲያኖርላት እየራባት በሩቁ ታየዋለች። የሥራ ሸሚዙን ሲያነጥፍላት በጥርሷ ጎትታ አወጣችውና ውጭ ተኛችበት። በግድ ማስገባት አይሆንም፤ ማስተኛ መድኃኒት መስጠት በአውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፤ ስትጮህና ስትቧጭር የተገኘች ውሻ ደግሞ ከበር ትመለሳለች።

«ምን አባቷ ሆና ነው?» አሉ አማቱ በስልክ። እዚያ ከደረሱ ጀምሮ ድምፃቸው አሥር ዓመት ወጣት ሆኗል። «እኔ እንኳ ገብቻለሁ! ደግሞ ልጄን ስታለቅስ ማን አባበላት መሰለህ? እኔ!»

«ውሸት ነው፣ ሁለታችንም ነን ያለቀስነው» የሚል የሚስቱ ድምፅ ከበስተኋላ መጣ።

ስልኩ ሲዘጋ አናጢው ሳጥኑ ፊት ወለሉ ላይ በደረቱ ተኛ። ሙሽራ የምታየውን ልይ ብሎ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ወዲያው አስነጠሰው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ቫርኒሹ ነው! የሙሽራን ሳጥን መጨረሻ ስለሠራው፣ በዳኛው ሳጥን ላይ እጁን አፍታቶ፣ በሷ ላይ ሙያውን ሊያሳይ ፈልጎ ነበር። ከውስጥም ከውጭም ደጋግሞ ቫርኒሽ ቀብቶ እንደ መስታወት አብለጭልጮታል። ያየው ሁሉ «ይኼን ለውሻ?» ብሎ አድንቆለታል። የሰው አፍንጫ የሚያስነጥስ ሽታ ለውሻ አፍንጫ ምን እንደሚሆን ያሰበ ግን አልነበረም። የዳኛውንማ ለልምምድ ስለሠራው ጥሬውን ነበር የተወው።

አናጢው ተነስቶ ያን ውብ ሥራ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት አመጣና ይፍቀው ጀመር። ክንዱ እስኪዝል ፋቀ፤ ጸጉሩና ቅንድቡ በብናኝ ነጣ። ያ መስታወት የመሰለ እንጨት ደብዝዞ፣ ተጭሮ፣ የተማሪ ሥራ መሰለ። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ለቀናት አናፈሰው፤ ወለሉን በእንጨት ብናኝ ሞላው። አንድ ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ወንበር ሲያጣብቅ ቆይቶ ዞር ሲል ሙሽራ አልነበረችም። ሳጥኑ ውስጥ አፍንጫዋን ብናኙ ውስጥ ቀብራ ተኝታለች። አናጢው በዳዴ የሚሄድ ያህል ቀስ ብሎ ሄደና በሩን ገርበብ አደረገው። አንድ ዐይኗን ከፍታ አየችው፤ መልሳ ከደነችው።

በመሥሪያ ቤቱ ያችው ሴትዮ ማንበቢያዋን አሳልፋ፣ ካርዱን አገላብጣ፣ ማኅተሟን አነሳች። ከመምታቷ በፊት በመነጽሯ ላይ አየችው። «ቀጣዩን ውሻ ሲያመጡ ወፍራሙን ያስቀድሙ» አለች። «ቀጣይ የለም» አለ አናጢው። ማኅተሙ ሲያርፍ ሙሽራ ደነገጠች፤ እሱም እንዲሁ።

ከረጅሙ በረራ በኋላ፣ በዚያ በማያውቀው አገር፣ ሳጥኖቹ በጭነት ክፍሉ በር በኩል በጋሪ መጡለት። ዳኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሙሽራ ተኝታለች። ወረቀቶቹን የሚያየው ሠራተኛ አንድ በአንድ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በእጁ እለፍ አለው። ይኼው ነው። አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም።

ውጭ ሚስቱና አማቱ ቆመው ነበር። አማቱ የሚያህላቸውን ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል። ሚስቱ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ቀጥሎ ተንበርክካ የሳጥኖቹን በር ከፈተች። ጅራት፣ ምላስ፣ እንባ ተደባለቀ። አማቱ «እኔን አትላሱኝ፣ ልብሴ አዲስ ነው» እያሉ እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉ።

ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ትንሽ ሣር ነበረች። ሁለቱ ውሾች ባለቤቶቻቸውን እየጎተቱ ወደዚያ ሄዱ። ዳኛው አንዱን ዛፍ መረጠ፤ ሙሽራ ሣሩ መሐል ቁጢጥ አለች። የበረራው ረጅም ሰዓት ሁሉ እዚያ ወጣ። አላለቀም፤ አሁንም አላለቀም። ሦስቱ ሰዎች ገመድና ሻንጣ እንደያዙ፣ ማንም ሳይቸኩል ቆመው ጠበቋቸው።